ቀንዱ ለማን ነበር?

ትራይሴራቶፕስን ሁላችንም ከሥጋ በል ጠላቱ ጋር ተፋጦ እናውቀዋለን። የራስ ቅሉ አጥንቶች የሚናገሩት ግን ስለ ሌላ ጠብ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በ2019 በአዲስ መልክ በተከፈተው የቅሪተ አካላት አዳራሽ፣ ሕፃናት ቶሎ የማይለቁት አንድ ቦታ አለ። ታይራኖሶረስ ሬክስ የተባለው ግዙፍ ሥጋ በል አንድ እግሩን በወደቀ ትራይሴራቶፕስ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ፣ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ሊገነጥል ነው። ከወደቀው እንስሳ ፊት ላይ ሦስት ቀንዶች በቅለዋል፤ ሁለቱ ረጃጅሞች ከዓይኖቹ በላይ፣ አንዱ አጭር ከአፍንጫው ላይ። ከራስ ቅሉ ጀርባ ደግሞ እንደ ትልቅ አንገትጌ የተዘረጋ ሰፊ አጥንት አለ። መግቢያው በነጻ ነውና በከተማዋ ዙሪያ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ለዚህ ትዕይንት እንግዳ አይደሉም። አገር ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ያንኑ ጠብ በፕላስቲክ መጫወቻና በካርቱን ፊልም አግኝቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትዕይንቱ ውሸት አይደለም። ታይራኖሶረስ ትራይሴራቶፕስን ይበላ እንደነበር አጥንቶቹ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ትዕይንቱ ሳይናገር የሚያስተምረን ሌላ ነገር አለ፤ ቀንዶቹ ጦር፣ አንገትጌውም ጋሻ እንደነበሩ፣ ሁለቱም ለዚህ አዳኝ ሲባል እንደበቀሉ። ይህን ያስተማረን ደግሞ አንድ አዳራሽ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ቻርልስ ናይት በ1920ዎቹ ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሁለቱን እንስሳት አፋጦ ከሣለ ወዲህ መጻሕፍቱም ፊልሞቹም ያንኑ አቋቋም ሲደግሙት ኖረዋል። መቶ ዓመት ገደማ የተደጋገመ ሥዕል ውሎ አድሮ ማስረጃ መምሰሉ አይቀርም።

እኔ የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው። ትራይሴራቶፕስ ቀንዱን በአዳኝ ላይ ተጠቅሞበት ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ቀንዱን ያረዘመው፣ ያጎበጠውና ለዚያ ቅርጽ ያበቃው ግን አዳኙ ሳይሆን የገዛ ወገኑ ነው። ያ ግዙፍ ጭንቅላት ከሁሉ አስቀድሞ በሌላ ትራይሴራቶፕስ ዓይን የሚታይ፣ ከሌላ ትራይሴራቶፕስ ጋርም የሚጋጠም ጭንቅላት ነበር።

ጎሽ የተባለው ዳይኖሰር

በ1887 ከኮሎራዶዋ ዴንቨር አቅራቢያ የራስ ቅል ቁራጭ የያዘ አንድ ጥንድ ቀንድ ተገኝቶ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ኦትኒየል ቻርልስ ማርሽ ተላከ። ማርሽ በዘመኑ ከአሜሪካ ታላላቅ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። ይሁንና እንዲህ ያለ ቀንድ የተሸከመ ዳይኖሰር ገና አልታወቀም ነበርና ያልታወቀውን በሚታወቀው መዘነው፤ ከምድር የጠፋ ግዙፍ ጎሽ ነው ብሎ ስም አወጣለት።

ማርሽ ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። የትራይሴራቶፕስ ቀንድ አሠራር በእርግጥም የበሬ ቀንድ አሠራር ነው። ዋንጫ ከቀንድ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከበሬው ቀንድ ውስጥ ያለው አጥንት ይወጣና ጠጅ የሚቀዳበት ባዶ ሽፋን ይቀራል፤ ሽፋኑ ከጥፍርና ከሰኮና ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከትራይሴራቶፕስ የተረፈልን ውስጠኛው አጥንት ነው፤ ዋንጫው በስብሷል። ስለዚህ በሙዚየም የምናየው አንድ ሜትር የሚደርስ የቀንድ አጥንት እንስሳው በሕይወት ሳለ ከዚያም የረዘመና የሾለ ነበር።

«ከትራይሴራቶፕስ የተረፈልን ውስጠኛው አጥንት ነው፤ ዋንጫው በስብሷል።»

ከዴንቨሩ ቀንድ በኋላ ዋናው ሥራ ወደ ዋዮሚንግ ተሻገረ። እዚያ አንድ ከብት ጠባቂ ከሸለቆ ግድግዳ ብቅ ያለ ትልቅ ቀንድ አይቶ በገመድ ሸምቆ ሲጎትተው ቀንዱ ተሰብሮ ወረደ፤ የራስ ቅሉ ግን እዚያው ቀረ። ለማርሽ ቅሪተ አካል ይሰበስብ የነበረው ጆን ቤል ሃቸር ወሬው ደርሶት ሄደና የራስ ቅሉን አወጣው። ማርሽም በ1889 እንስሳውን ትራይሴራቶፕስ አለው፤ በግሪክኛ «ሦስት ቀንድ ያለው ፊት» ማለት ነው። ሃቸር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ የቀንዳም ዳይኖሰሮች የራስ ቅሎችን ከዚያ ምድር አወጣ፤ አንዳንዱ በቶን የሚመዘን ነበር። ስሚዝሶኒያን በ1905 በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የቆመ የትራይሴራቶፕስ አጽም ለሕዝብ አሳየ። አጽሙ ከብዙ እንስሳት የተለቃቀመ ነበር፤ የኋላ እግሮቹ መርገጫዎች ጭራሽ የሌላ፣ አፉ ዳክዬ የሚመስል ዳይኖሰር ነበሩ። ወደ አንድ ክፍለ ዘመን ለሚጠጋ ጊዜ ሰው እንዲሁ ሲያየው ኖረ። ይህን የማነሣው የቀደሙትን ሠራተኞች ለመውቀስ አይደለም፤ በጨለማ የጀመሩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ቆሞ የምናየው አጽም ሁሉ ከአጥንቱ ጋር የሰው ግምት ተሸክሟል። ቀንዱ «ለአዳኝ ነው» የሚለውም ከነዚህ ግምቶች አንዱ ነው።

እንደ ፈንዲሻ ያበጠ ጭቃ

ዛሬ ትራይሴራቶፕስ በብዛት የሚፈለገው ሄል ክሪክ በሚባለው፣ ሞንታናንና ሁለቱን ዳኮታዎች በሚያካልለው የድንጋይ ንጣፍ ነው። ምድሩ በጎርፍ የተሸነታተረ፣ ግራጫና ቡናማ መስመሮች የተደራረቡበት ገደላ ገደል ነው። ጭቃው ረጥቦ ካበጠ በኋላ ሲደርቅ ገጹ ፈንዲሻ ይመስላል፤ ሲዘንብበት ግን ተንሸራታች ሙጫ ይሆንና መኪና አያንቀሳቅስም። ፈላጊዎቹ በበጋው ሐሩር አቀርቅረው ይሄዳሉ። ከኮረብታው ግርጌ የአጥንት ስብርባሪ ሲያገኙ ፍንጣሪውን እየተከተሉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ስብርባሪው ያበቃበት ቦታ አጥንቱ ከድንጋዩ የሚወጣበት ቦታ ነው። ከዚያ ሥራው በቢላዋ፣ በብሩሽና በማጣበቂያ ይሆናል። አጥንቱ ዙሪያውን ከተገለጠ በኋላ በጀሶ በተነከረ ጆንያ እንደተሰበረ እግር ይጠቀለላል፣ ጀሶው ሲደርቅም ይገለበጣል። የአንድ ጎልማሳ ትራይሴራቶፕስ ጭንቅላት እንዲህ ተጠቅልሎ ሲነሣ ሰው የሚሸከመው ነገር አይደለም። በቤተ ሙከራ ደግሞ በአየር ግፊት በሚንቀጠቀጡ ቀጫጭን መርፌዎች ድንጋዩን ከአጥንቱ ላይ ማራገፍ ወራትን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ዓመታትን።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ ያለው እንስሳው በብዛት ስለሚገኝ ነው። በሄል ክሪክ በተደረገ አንድ ሰፊ ቆጠራ ከትላልቆቹ ዳይኖሰሮች መካከል ትራይሴራቶፕስ ከሁሉ በዝቶ ተገኝቷል። ይህ ለክርክራችን ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ወይም በሁለት ናሙና ብቻ ከሚታወቅ እንስሳ ስለ ጠባይ መናገር ጥንቆላ ነው። ከትራይሴራቶፕስ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ብዙ ራሶች አሉን፤ ማወዳደር እንችላለን።

እንስሳው የኖረው ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ያ ደረቅ ገደል ሞቃትና እርጥብ ሜዳ ነበር፤ ወንዞች፣ ረግረግና ደን የሞሉበት። ትራይሴራቶፕስ ከአፉ እስከ ጅራቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ከዝሆን ያላነሰ ነው። አፉ ጫፍ ላይ እንደ በቀቀን ምንቃር የጎበጠ አጥንት አለ፤ ከኋላው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ የላይኛው ሲያልቅ የታችኛው እየተተካ፣ ጠንካራ ተክል እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። ይህ አፍ የዕለት ጉርሱን ያስገኝለታል። ቀንዱና አንገትጌው ግን ለመብላት አይረዱም፤ እንዲያውም ያን ያህል ክብደት አንገት ላይ መሸከም ወጪ ነው። ወጪው በምን ተካካሰ? ጥያቄው ይህ ነው።

ጋሻ የሚለው ቃል

ብዙ አስጎብኚዎችና የልጆች መጻሕፍት ያን ሰፊ አጥንት «ጋሻ» ይሉታል። እኔ ሆን ብዬ አንገትጌ እለዋለሁ፤ ጋሻ ካልነው ጥያቄው ሳይጠየቅ ተፈርዷልና። በነገራችን ላይ ጋሻም ቢሆን መከላከያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአባቶቻችን የጦር አለቆች ጋሻ በብር ጌጥ ተለብጦ፣ በአንበሳ ጎፈር ተውቦ፣ ከሩቅ ሲታይ የባለቤቱን ማዕረግ ይናገር ነበር። መሣሪያም ጌጥም መሆን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጉዳዩ ከሁለቱ የትኛው ቅርጹን ወሰነ የሚለው ነው።

አንገትጌው ከቀንዱ የቀደመ መሆኑ እዚህ ላይ ይረዳናል። በሞንጎሊያ በረሃ በብዛት የተገኘው ፕሮቶሴራቶፕስ የትራይሴራቶፕስ የሩቅ ዘመድ ነው፤ በግ የሚያህል፣ ረጅም ቀንድ የሌለው፣ አንገትጌ ግን ያለው። ከጫጩት እስከ ጎልማሳ ያሉት የራስ ቅሎቹ ተለክተው በ2021 በታተመ ጥናት እንደታየው፣ አንገትጌው ከቀረው የራስ ቅል በፈጠነ መጠን ያድጋል። ትንሹ ፕሮቶሴራቶፕስ አንገትጌው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለጉልምስና ሲቃረብ ግን ይዘረጋል። እንዲህ ያለ አስተዳደግ በዛሬ እንስሳት ዘንድ የሚታወቀው የትዳር ጓደኛ በሚስቡና ተፎካካሪ በሚያስፈሩ አካላት ላይ ነው። ለመከላከያ ቢሆንማ ገና በጨቅላነቱ፣ አዳኝ በሚበዛበት ዕድሜ፣ መዘርጋት ነበረበት።

የትራይሴራቶፕስ ዘመዶች አብዛኞቹ በአንገትጌያቸው ላይ ሁለት ትላልቅ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ቀዳዳዎቹ በቆዳ ብቻ የተሸፈኑ ነበሩ። በታይራኖሶረስ መንጋጋ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ጋሻ ሊባል አይችልም። ትራይሴራቶፕስ ራሱ ከዚህ ይለያል፤ የሱ አንገትጌ ድፍንና ወፍራም ነው። የጋሻ ደጋፊዎች ይህን እንደ ዋና ምስክር ያቀርቡታል፤ ትክክለኛ መከራከሪያ ነው። ነገር ግን ድፍኑ አጥንት ከማን ቀንድ ይጠብቅ እንደነበር ገና እናያለን።

ጥጃው ቀንድ ሲያወጣ

በ2006 ጃክ ሆርነርና ማርክ ጉድዊን የሄል ክሪክን ራሶች ከትንሽ እስከ ትልቅ በተርታ አስቀምጠው ምን እንደሚለወጥ ጻፉ። የትንሹ ሕፃን የራስ ቅል ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዓይኖቹ በላይ ያሉት ቀንዶች ከአውራ ጣት አይረዝሙም፣ ቀጥ ያሉ ጉጦች ናቸው። እንስሳው ሲያድግ ቀንዶቹ ረዝመው ወደ ኋላ ይጎብጣሉ። ወደ ሙሉ ሰውነት ሲደርስ ግን አቅጣጫቸው ይዞርና ወደ ፊት ያነጣጥራሉ። የአንገትጌው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተደረደሩት ሦስት ማዕዘን አጥንቶችም በወጣትነት የሾሉ ናቸው፤ በጉልምስና ይደበዝዛሉ፣ ከአጥንቱም ጋር ይዋሐዳሉ።

(ማርክ ጉድዊን ለኢትዮጵያ ምድርም እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ ከሙገር የጭቃ ድንጋይ የወጡ የዳይኖሰር ጥርሶችን ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ያስተዋወቀ ሰው ነው። እነዚያ ጥርሶች ከትራይሴራቶፕስ በ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቀድማሉ፤ ቀንዳም ዳይኖሰር በመካከላቸው የለም።)

አሁን ይህን ተርታ በአዳኝ ዓይን እንመልከተው። ሥጋ በል እንስሳ ከሁሉ በፊት የሚያሳድደው ትንሹንና ልምድ የሌለውን ነው። ታዲያ ቀንዱ ለአዳኝ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ወደ ኋላ የጎበጠ ቀንድ ይዞ ለምን ይዞራል? ጦሩን ወደ ጀርባው የያዘ ወታደር ማለት ነው። ቀንዱ ወደ ፊት የሚዞረው እንስሳው ትልቅ፣ ከባድ፣ ለአዳኝም እጅግ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ማለትም መጋጠምና መራባት በሚጀምርበት ዕድሜ። ይህን የቀንድ ለውጥ የሚያነብ ዓይን የሌላ ትራይሴራቶፕስ ዓይን ነው። ቀንዱ ወደ ኋላ ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ተወው፤ ወደ ፊት ከዞረ ግን ተጠንቀቅ።

«ጦሩን ወደ ጀርባው የያዘ ወታደር ማለት ነው።»

እዚህ ላይ አስተዋይ ተቃዋሚ ይነሣል። ሕፃኑስ ለምን ጉጥ አበቀለ? የትዳር ነገር ለሕፃን ምኑ ነው? ጉድዊንና ባልደረቦቹም የሕፃኑን ጉጥ አይተው ነገሩ ከትዳር ፉክክር ብቻ የሚመጣ ሊሆን አይችልም ብለዋል፤ ለመተዋወቅና ለመግባባትም ያገለግል ነበር። ይህን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለኝም፤ ሙግቴንም አያፈርሰውም። የአውራ ጣት ያህል ጉጥ ታይራኖሶረስን አያስፈራም፤ መልእክቱ ለወገን ነው። ጥጃም ኮርማ ከመሆኑ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ቀንዱ ይጎጠጉጣል።

የዚህ የዕድሜ ለውጥ ነገር ሌላም ክርክር ወልዷል። ቶሮሶረስ የሚባል፣ በዚያው ምድርና ዘመን የኖረ፣ አንገትጌው ረጅምና ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀንዳም ዳይኖሰር አለ። በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች «ይህ ሌላ እንስሳ አይደለም፤ ያረጀ ትራይሴራቶፕስ ነው» አሉ። ሌሎች በ2012 ያልጎለመሱ ቶሮሶረሶች አሉ ብለው ተቃወሙ። ወደ ተቃዋሚዎቹ አደላለሁ። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ ራሱ ጭንቅላቱ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያሳያል።

የቆሰለው አጥንት

ጠባይ አጥንት የለውም፤ ቁስል ግን አጥንት ላይ ይቀራል። አንድሪው ፋርክ የተባለው ተመራማሪ በመጀመሪያ በ2004 ትናንሽ የትራይሴራቶፕስ የራስ ቅል ሞዴሎችን ወስዶ እንደ ወይፈን አጋጠማቸው። ቀንድ ከቀንድ ሲቆላለፍ ጫፉ የት ላይ ያርፋል? አንዱ መልስ የአንገትጌው ጎን ላይ፣ ከዓይን ኋላ የሚዘረጋው አጥንት ላይ ነው። በ2009 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር እውነተኞቹን የራስ ቅሎች መረመረ። ለማነጻጸሪያ የወሰዱት ሴንትሮሶረስን ነበር፤ እሱም ቀንዳም ዘመድ ነው፣ ግን አፍንጫው ላይ ትልቅ ቀንድ፣ ከዓይኑ በላይ ደግሞ ጉጥ ብቻ ያለው። ቁስሉ የመጣው ሁሉንም በእኩል ከሚያጠቃ ምክንያት ቢሆን በሁለቱ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ በተገኘ ነበር። አልሆነም። በዚያ የጎን አጥንት ላይ የዳነ ቁስል በትራይሴራቶፕስ በግልጽ በዝቶ ተገኘ፤ ረጃጅም የዓይን በላይ ቀንዶች ሲቆላለፉ ሊያርፉ በሚችሉበት ቦታ ላይ።

ጥንቁቅ ሐኪም መሰል ተመራማሪዎች «በአንገትጌ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ሁሉ የውጊያ ቁስል አይደለም፤ አጥንት በበሽታም በእርጅናም ይሳሳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው የንጽጽሩ ሚዛን የሚያሳምነኝ። በሽታ ቀንድ እየመረጠ አይመጣም፤ በአንዱ ዝርያ አንድ ቦታ ላይ በዝቶ፣ በሌላው ያን ቦታ አይተውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዝነኛ ምስክር ተጨምሯል። «ቢግ ጆን» የሚል ቅጽል ስም የተሰጠው ግዙፍ ትራይሴራቶፕስ በ2021 ፓሪስ ላይ ከ6 ሚሊዮን ዩሮ በላይ በጨረታ ተሸጠ። እንዲህ ያለ ሽያጭ ብዙ ሳይንቲስቶችን ያስቆጣል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ክፍት መሆን የሚገባው አጥንት በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር ይወድቃልና። ቁጣቸው ቁጣዬ ነው። የዚህ እንስሳ አጥንት ግን ቢያንስ ተመርምሯል። በአንገትጌው ቀኝ ጎን ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ክፍተት አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዙሪያው አዲስ አጥንት አብቅሏል፤ ማለትም እንስሳው ከቆሰለ በኋላ ወራት ኖሯል። በ2022 ጥናቱን ያወጡት ሰዎች የወጋው የሌላ ትራይሴራቶፕስ ቀንድ መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል አሉ። እንግዲህ የትራይሴራቶፕስ አንገትጌ ከዘመዶቹ ተለይቶ ለምን ድፍን እንደሆነ ፍንጭ እናገኛለን። የዓይን በላይ ቀንዱ ከረጃጅሞቹ መካከል ነው፤ አንገትጌው ድፍን ነው። ሁለቱን አያይዤ አነባለሁ፤ ጋሻ ነበረ ከተባለም የወንድምን ጦር የሚመክት ጋሻ ነው።

«ታዲያ የተነከሰው ቀንድስ?»

የሥዕሉ ወዳጆች ከሁሉ የሚጠነክረውን ማስረጃቸውን አሁን ያወጣሉ። በ2008 የታተመ ጥናት ከዓይን በላይ ያለው አንድ ቀንዱ ጫፉ የተቆረጠ ትራይሴራቶፕስን ይገልጻል። ስብራቱ ላይ የታይራኖሶረስ ጥርስ ምልክት አለ፤ አጥንቱም ድኗል። ይህ እንስሳ ከታይራኖሶረስ ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ በሕይወት ወጥቷል። በሌላ በኩል ያልዳኑ የንክሻ ጉድጓዶች የሞሉበት የዳሌ አጥንት አለ፤ ያ ደግሞ ማዕድ እንጂ ውጊያ አይደለም።

የተነከሰው ቀንድ እውነት ነው። ቀንድ ያለው እንስሳ ሲጠቃ በቀንዱ ይመክታል፤ ሌላ ምን ይዞ ይመክታል? ሆኖም አንድ አካል የሚያገለግልበት ነገር ሁሉ አካሉን የፈጠረ ምክንያት አይደለም። ከብት ያሳደገ ገበሬ ቢጠየቅ መልሱን ያውቀዋል። ወይፈን ቀንዱን ለጅብ የሚያነሣበት ሌሊት አለ፤ ለሌላ ወይፈን ግን በየዕለቱ ያነሣዋል። ሣላ አንበሳን ወግቶ ሊገድል ይችላል፤ ቀንዱ ግን ከመንጋው ጋር በሚኖረው ጉዳይ ሥራ አይፈታም።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ የጾታ ነው። በትራይሴራቶፕስ ራሶች መካከል ይህ ወንድ ያ ሴት ብሎ በእርግጠኝነት የለየ የለም፤ ሁሉም ቀንድ አላቸው። ፉክክሩ የወንዶች ከሆነ ሴቷ ለምን ትሸከማለች? ይህ ጥያቄ የሚጠነክረው ቀንድን በአጋዘን ብቻ ለሚያስብ ሰው ነው፤ በአጋዘን ቀንድ ያለው ወንዱ ነው። ላማችን ግን ቀንድ አላት፤ የሣላ ሴቷም እንደ ወንዱ ረጅም ቀንድ ትሸከማለች። ሴቶችም ለግጦሽ፣ ለውኃና ለደረጃ ይጋፋሉ፤ መምረጥና መመረጥም በሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል።

ሙቀትን ያነሡ አሉ፤ ሰፊው አንገትጌ እንደ ዝሆን ጆሮ ደም ያበርድ ነበር ይላሉ። ጥቂት ሳይረዳው አልቀረም። ግን ሙቀት አንድ ዓይነት ችግር ነው፤ በአንድ አየር ጠባይ የኖሩ ዘመዳማቾች ለአንድ ችግር ያን ሁሉ የተለያየ ቅርጽ ባላወጡም ነበር።

አሥራ አምስት ቀንድ

ወደዚህ ልዩነት መመለስ ግድ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ ስለሆነ። ከትራይሴራቶፕስ ትንሽ ቀደም ብሎ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ብዙ ቀንዳሞች ኖረዋል። ስታይራኮሶረስ ከአንገትጌው ጠርዝ ረጃጅም ሹል አጥንቶች እንደ ፀሐይ ጨረር ይወጡለታል። ፓኪራይኖሶረስ አፍንጫው ላይ ቀንድ የለውም፤ በምትኩ ወፍራም የአጥንት ጉብታ ተሸክሟል። በ2010 ከዩታ የተዋወቀው ኮስሞሴራቶፕስ ደግሞ ትልቅ ትንሹ ሲቆጠር 15 ቀንድና ቀንድ መሰል ነገር አለው፤ የአንገትጌው ጠርዝ እንደ ተቆረጠ የግንባር ጸጉር ወደ ፊት ተጣጥፏል። የሁሉም ጠላት የታይራኖሶረስ ዘመዶች ነበሩ። ለአንድ ዓይነት ጠላት የሚሠራ ጦር በየትም አገር ይመሳሰላል፤ ሾሎ ረዝሞ ወደ ፊት ያያል። የሚለያየው ጌጥ ነው። የሹሩባ አሠራር ከአካባቢ አካባቢ ሲለያይ ማንም «ከፀሐይ ለመከላከል ነው» አይልም።

«ለአንድ ዓይነት ጠላት የሚሠራ ጦር በየትም አገር ይመሳሰላል፤ የሚለያየው ጌጥ ነው።»

አንዳንዶች ልዩነቱ ዝርያ ከዝርያ እንዳይቀላቀል መለያ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ አብረው የኖሩ ዝርያዎች ተራርቀው ከኖሩት ይልቅ በጌጣቸው መለያየት ነበረባቸው። በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኖ እንዲያ ያለ ነገር አላገኘም። የቀረው ምክንያት በዝርያው ውስጥ ያለው ውድድር ነው፤ ያ ውድድር ደግሞ እንደ ፋሽን በፍጥነትና በየአቅጣጫው ይሄዳል።

13 ሴንቲ ሜትር

የሄል ክሪክ ገደሎች ታች ያለው ንብርብር የቀደመ፣ ላይ ያለው የኋለኛ ነው። በ2014 የታተመ ሥራ የትራይሴራቶፕስን ራሶች እንደተገኙበት ንብርብር ሲደረድራቸው፣ ከታች ያሉት የአፍንጫ ቀንዳቸው አጭር፣ ከላይ ያሉት ረዘም ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አዳኙ ያው ታይራኖሶረስ ሬክስ ነበር። አዳኙ ሳይለወጥ ፊቱ ተለወጠ፤ በትራይሴራቶፕሶች መካከል አንድ ነገር መቀጠሉን ያሳያል።

ከንብርብሮቹ በላይ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግዙፍ የሰማይ ዐለት በዛሬዋ ሜክሲኮ ዳርቻ ሲወድቅ አቧራው በዓለም ዙሪያ ረግፎ የተወው መስመር ነው። ለረጅም ጊዜ ከመስመሩ በታች ባለው ሦስት ሜትር ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት ስላልተገኘ «ዐለቱ ሲወድቅ እነሱ ቀድመው አልቀው ነበር» የሚሉ ነበሩ። በ2011 ግን ከሞንታና ስለወጣ አንድ ቀንድ ተጻፈ። ከዓይን በላይ የበቀለ የቀንዳም ዳይኖሰር ቀንድ ነው፤ የትራይሴራቶፕስ ሳይሆን አይቀርም። በቀንዱና በመስመሩ መካከል የነበረው ጭቃ ከ13 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።